«አትልቀቅ፣ እጨምርልሃለሁ» ሲባል

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

የዛሬው ርእሳችን ከሪዝቅ ፍለጋ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ሠራተኛ የተሻለ ሥራ ያገኝና የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባል። አሠሪው ደብዳቤውን አንብቦ «አትልቀቅ፣ እነሱ የሚከፍሉህን እኔም እከፍልሃለሁ፤ እንዲያውም እጨምርልሃለሁ» ይለዋል። ሠራተኛው ምን ያድርግ? ይቅር ወይስ ይሂድ? ብዙ ሰው ነገሩን የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አድርጎ ያየውና የሚበልጠውን ብር መርጦ ይጨርሰዋል። ለአንድ ሙስሊም ግን ከብሩ በፊት የሚመለሱ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ መጀመሪያውኑ ለመልቀቅ ያነሳሳኝ ምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለአዲሱ አሠሪ ቃል ሰጥቻለሁ ወይስ አልሰጠሁም? የሚል ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንየው። ጫግኒ ከተማ ውስጥ በአንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ሒሳብ የሚይዝ ወንድም አለ እንበል። ጫግኒ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። እህሉና በርበሬው ሚዛን ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ ሒሳቡን በአማና የሚይዝ ሰው ለነጋዴው ትልቅ ሀብት ነው። ይህ ወንድም 6 ዓመት አገልግሏል። እንጅባራ ያለ ሌላ ነጋዴ በተሻለ ደመወዝ ጠራው። እሱም ደብዳቤውን አስገባ። የጫግኒው ነጋዴም «ያንኑ እከፍልሃለሁ፣ ቅር» አለው።

እዚህ ላይ ወንድማችን ወደ ልቡ ይመለስ። የሚለቀው ደመወዙ ለቤተሰቡ ስላልበቃ ብቻ ከሆነ፣ ጭማሪው በእርግጥ ችግሩን ይፈታ ይሆናል። ልጆቹ ጫግኒ ይማራሉ፤ እናትና አባቱ አጠገቡ ናቸው፤ እንጅባራ ቢሄድ አዲስ የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል። በዚህ ሁኔታ መቅረት ነውር የለበትም። የሚለቀው ግን አሠሪው በሰው ፊት ስለሚያዋርደው፣ የጁሙዓ ሰዓት ስለሚከለክለው፣ ወይም ሚዛን እንዲያሳስት ስለሚያዝዘው ከሆነ፣ ጭማሪው ከእነዚህ አንዱንም አይነካም። ብሩ ኪስ ይገባል፤ በማግሥቱ ግን ያው ስድብ፣ ያው ሚዛን ይጠብቀዋል። በገንዘብ ያልመጣ ችግር በገንዘብ አይሄድም።

ከዚህም የከበደ ሁኔታ አለ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለው። አዳዲስ ባንኮች ሲከፈቱ ልምድ ያለው ሠራተኛ ከነባሮቹ መፈለጋቸው የማይቀር ነው። እናም በወለድ ብድር ክፍል ይሠራ የነበረ ሙስሊም ከሪባ ለመራቅ ሲል ደብዳቤ ቢያስገባ፣ ሥራ አስኪያጁም «ደረጃህን ከፍ አደርግልሃለሁ፣ እዚያው የብድር ክፍል ቀጥል» ቢለው፣ ይህ ጭማሪ የጥያቄው መልስ አይደለም። ሰውየው የሸሸው ከደመወዝ ማነስ ሳይሆን ከሐራም ነውና። «ከወለድ ነፃ ወደሆነው መስኮት አዛውርሃለሁ» ቢለው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሥራውን ዝርዝር ይዞ ዑለማ ጠይቆ ሊመዝነው ይችላል። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ሐሳብ ዋጋውን ይጨምራል፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ይነካል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ ወደ ቃል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ አማኞችን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ያዛል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብቶ ማፍረስን ከሙናፊቅ ምልክቶች አንዱ አድርገው አስተምረዋል። ወንድማችን ለእንጅባራው ነጋዴ «እያሰብኩበት ነው» ብቻ ብሎት ከሆነ፣ ነፃ ነው፤ ሁለቱንም ሐሳብ መመዘን ይችላል። «እሺ፣ መጣሁ» ብሎት ከሆነ ግን በመሐል ሦስተኛ ሰው አለ። ያ ነጋዴ ይህን ቃል አምኖ ሌሎች አመልካቾችን መልሶ ይሆናል። ከተመለሱት መካከል ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። የእኛ «ሐሳቤን ለወጥኩ» የእነሱ ኪሳራ ነው።

በዚህ ረገድ የራሳችን አገር ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለው። የቁረይሽ ሹማምንት ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሐባዎች ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስን ከጓደኛው ጋር ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ። ስጦታው ነጃሺ የሚወደው የመካ ቆዳ ነበር። ነጃሺ ግን እነዚህ ሰዎች በእኔ ጥበቃ ሥር ናቸው ብሎ ነበርና፣ የስደተኞቹን ቃል ከሰማ በኋላ ስጦታው ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዘ። ታሪኩን ያስተላለፉልን በቦታው የነበሩት እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ቃል ከተሰጠ በኋላ የመጣ ስጦታ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የቃሉ ዋጋ ሊሆን አልቻለም።

አሠሪዎችንም የሚመለከት ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዱ በወንድሙ ገበያ ላይ እንዳይገበያይ ከልክለዋል። ከዑለማዎች በርካቶች ይህን በቅጥርም ላይ ያውሉታል። ነገሩ ገና በንግግር ላይ እያለ ዋጋ መጨመር አንድ ነገር ነው። ሰውየው ከሌላው ጋር ተዋውሎ መጨረሱን እያወቁ በብር መጎተት ግን ሌላ ነው።

ቃል ከሰጠ በኋላ በእውነት የሚያስቀር ችግር ቢገጥመውስ? ለምሳሌ እናቱ ብትታመምና ከጫግኒ መራቅ ባይችል? ጊዜ ሳይወስድ ወደ አዲሱ አሠሪ ይሂድ፤ እውነቱን ይንገር፤ ከቃሉ እንዲፈታው ይጠይቅ። ከፈታው ነፃ ነው። ስልክ ዘግቶ መጥፋት ግን የሙስሊም ሥነ ምግባር አይደለም። የየራሳችሁን ጉዳይ ዝርዝር በአቅራቢያችሁ ላለ ዓሊም አቅርቡ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ሒሳቡ ይምጣ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ፣ ለመልቀቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ይህም ራሱ ውል ነው፤ ነገ ልምጣ ብሎ ዛሬ መጥፋት አይፈቀድም። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ፣ ከስልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። የ6 ዓመቱ ወንድማችን እንግዲህ የ80 ቀን ደመወዝ ይደርሰዋል ማለት ነው። በአዲሱ ሥራ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ይህንንም አብሮ ይመዝን።

የሚጨመረው ብር በደመወዝ ላይ ነው ወይስ በአበል መልክ? ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። የጡረታ መዋጮ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚታሰበው በደመወዝ ላይ ነው። በእጅ የሚሰጥ ጉርሻ ዛሬ ደስ ቢያሰኝም ነገ በጡረታም በስንብትም አይቆጠርም። ለመቅረት የወሰነም ጭማሪውን በጽሑፍ ይቀበል፤ የመልቀቂያ ደብዳቤው መሻሩንም በጽሑፍ ያስፈርም። ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ብድርን ጻፉ ያለን ራሱ ቁርኣን ነው።

ውሳኔው የአንድ ሰው ብቻም አይደለም። ባለቤቱ ትመከር። የቤቱን ወጪ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። አባትና እናት ካሉም ይጠየቁ። ከምክክሩ ጋር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሶሐባዎች ያስተማሩት የኢስቲኻራ ሶላት አለ፤ ሁለት ረከዓ ሰግዶ አላህን መልካሙን እንዲመርጥለት መለመን። አንዳንዶች ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ ይመስላቸዋል። አይደለም። መክሮ፣ አስቦ፣ ለምኖ ወደ መልካም የመሰለው መሄድ ነው። ጊዜውም «እሺ» ከማለት በፊት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ለመሄድ ሳያስብ ደመወዝ ለማስጨመር ብቻ የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚያስገባ አለ። ይህ ማስፈራሪያ ነው፤ በመሐልም የሌላውን ነጋዴ ጊዜና ተስፋ ያባክናል። ጭማሪ የሚፈልግ ፊት ለፊት ይጠይቅ። በሱረቱል ቀሰስ ሙሳ (ዐ.ሰ) ለቅጥር የታጩት በጉልበታቸውና በታማኝነታቸው ነበር። ስምንት ዓመት ተዋውለው፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንደነገሩን፣ ረጅሙን የአሥር ዓመት ጊዜ ሞሉ። ጉልበት በደመወዝ ይገዛል፤ ታማኝነት ግን አንዴ ከጠፋ በጭማሪ አይመለስም።

እናንተም አሠሪዎች፣ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ። ሠራተኛው ለመሄድ ሲነሳ የተገኘው ብር ትናንትም ከነበረ፣ ትናንት ለምን ተከለከለ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው አስተምረዋል። በጊዜው የተሰጠ ሐቅ ሰውን ያቆያል፤ በጭንቅ የተሰጠ ግን ጥርጣሬ ያተርፋል።

ሪዝቅ በአላህ እጅ ናት፤ ቃል ግን በእኛ እጅ ናት። አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ በቃላችን ከሚጸኑት ያድርገን። አሚን።