እንግዳው ዛፍና ዘመነ ጽጌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ በኢሉባቦር በመቱና በኖፓ አካባቢ የምንመላለስ ሁሉ፥ በቡናው አገር ለጥላም ለጌጥም የሚተከለውን ግራቪሊያን እናውቀዋለን። ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ነው፤ የታችኛው ገጹም ብር ይመስላል። ባበበ ጊዜ ግን ወርቅ የመሰለ ቢጫ አበባ ይለብሳል፤ አበባውም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በአንድ ወገን ተደርድሮ ይወጣል። መንገደኛው ቆሞ ያደንቀዋል። ማድነቁም መልካም ነው፤ ጌታችን የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት አስተምሮናልና።

ነገር ግን የዚህ ዛፍ አገሩ ወዴት ነው? ዋንዛና ብሳና የአገራችን ተወላጆች ናቸው፤ ግራቪሊያ ግን ዘሩ የመጣው ከአውስትራልያ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። መሬቱ እንግዳ ነህ ብሎ አልከለከለውም፤ ዝናቡም አላለፈውም። እርሱም የተቀበለውን ለራሱ ብቻ አላስቀረም። አበባው ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ንብ ልትቀስም ስትመጣ የማን ቀፎ ንብ ነሽ አይላትም። እርስዋም ከቀሰመችው ማርና ሰም ትሠራለች፤ ሰሙ በፈትል ላይ ተለብጦ ጧፍ ይሆናል፤ ጧፉም በጸሎት ጊዜ በቤተ መቅደስ ይበራል። እነሆ፥ ከቅጥሩ ውጭ የቆመው የሩቅ አገር ዛፍ ድርሻውን ወደ መቅደስ ላከ።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ወራት ዘመነ ጽጌ ትለዋለች። በዚህ ወራት አበባን ብቻውን አናስብም፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብጽ መሰደዷንም አብረን እናስባለን። አበባና ስደት በአንድ ማኅሌት መነሣታቸው ታላቅ ትምህርት ነው፤ የአበባውን ውበት ያየ ዓይን የተሰደደውን ሰው አይቶ እንዳያልፍ ያስተምረናልና።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። ይህ ወራት ቡናው መቅላት የሚጀምርበት፥ የዕለት ሠራተኛም ለለቀማ ከሩቅ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ሌሊቱን ስለ እመቤታችን ስደት ቆመን ስናመሰግን አድረን፥ ሲነጋ ከደጃችን የቆመውን እንግዳ አገርህ ወዴት ነው ብለን ብንመልሰው፥ ማኅሌታችን ምን ይረባናል? ለእንግዳ ዛፍ ጉድጓድ ቆፍረን ለእንግዳ ሰው ደጃችንን ከዘጋን፥ ከመሬቱ ይልቅ የደረቅነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለመጣው እንግዳ ውኃና ማረፊያ አንንፈገው፤ የሠራተኛውንም ደመወዝ አናሳድርበት። አበባ ጊዜው አጭር ነው፤ ንቧን ነገ ነይ አይላትም። የእኛም ዕድሜ እንዲሁ ነው።

የስደተኞች መጠጊያ የሆነ አምላክ እንግዳን የምንቀበልበት ልብ ይስጠን፤ የእመቤታችን ምልጃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።