የመሣሪያ አመልና የኮምፒውተር እንቅልፍ



ዛሬ የምናገረው የላፕቶፕ ክዳን ሲዘጋና ተመልሶ ሲከፈት በውስጡ ስለሚከናወነው ሥራ ነው። ለተጠቃሚው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ማሽኑ ከእንቅልፉ ካልነቃ ግን በዲስክ ላይ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋል።

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እንቅልፍ የራሱ ሥርዓት አለው። ከርነሉ አስቀድሞ የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ባሉበት ያቆማል፤ ቀጥሎም ድራይቨሮች እያንዳንዳቸው መሣሪያቸውን እንዲያስተኙ ያዝዛል። ተራው የዘፈቀደ አይደለም፤ ልጅ ከወላጁ በፊት ይተኛል፣ ወላጅም ከልጁ በፊት ይነቃል። የዩኤስቢ መቆጣጠሪያው አስቀድሞ ቢተኛ በእርሱ ላይ የተሰካውን ዲስክ በምን መንገድ እናዝዘዋለን?

ችግሩ የሚነሣው መሣሪያው ከመስፈርቱ ሲያፈነግጥ ነው። በፒሲአይ መስፈርት መሠረት አንድ መሣሪያ ዲ3 ሆት ከተባለው የእንቅልፍ ደረጃ ወደ ሙሉ ሥራ ሲመለስ ሶፍትዌሩ 10 ሚሊሰከንድ ይጠብቀዋል። በአንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ውስጥ ያሉ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያዎች ግን ይህ ጊዜ አይበቃቸውም፤ ስለዚህ ከርነሉ ለእነርሱ 20 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ሌሎች የዩኤስቢ መሣሪያዎች ደግሞ ከእንቅልፍ ሲነቁ የነበሩበትን ሁኔታ ስለሚረሱ እንደ አዲስ ማስጀመር ያስፈልጋል። የከርነል አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ነገር ኩዊርክ ይሉታል፤ እኔ አመል እለዋለሁ።

«ታዲያ ለሁሉም 20 ሚሊሰከንድ ብናደርገውስ?» ትሉኝ ይሆናል። በሁለት ምክንያት አልስማማም። አንደኛ፣ መስፈርቱን ያከበረው መሣሪያ ያላከበረውን ዕዳ ይከፍላል። መሣሪያዎች ክዳኑ ሲዘጋ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ሥራ ላይ እያለም ስለሚተኙና ስለሚነቁ፣ ትርፍ ጊዜው በየጊዜው ይባክናል። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ለሁሉም የተደነገገ ቁጥር ምክንያቱን ይደብቃል። ከዓመታት በኋላ ኮዱን የሚያነብ ሰው 20 ለምን እንደተመረጠ ስለማያውቅ ሊቀንሰው አይደፍርም።

አመሉ ከአምራቹና ከመሣሪያው መለያ ቁጥር ጋር ተያይዞ ሲመዘገብ ግን ጉዳዩ በባለቤቱ ላይ ይወሰናል። አምራቹ ጉድለቱን አርሞ በሌላ መለያ ቁጥር አዲስ መሣሪያ ቢያወጣ፣ የቀድሞው አመል አይነካውም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን ሦስት ነገሮች እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፦ የትኛው መሣሪያ እንደሆነ፣ ምን እንደታየበትና ቁጥሩ ለምን እንደተመረጠ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ኮድ ዛሬ ቢሠራም፣ ነገ ለሚረከበው ሰው እንቆቅልሽ ነው።