ስለ አንጎል መቆጣትና ከሕመሙ ስለሚያገግሙ ሰዎች
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ደብዳቤ ስመዘግብ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። ያነበብኩትን ባካፍል ግን ነውር የለውም ብዬ ተነሣሁ።

ደህና የነበረች ልጅ በጥቂት ቀን ውስጥ እንቅልፍ ታጣለች፣ የሌለ ነገር ይታያታል፣ ትጮኻለች። ቆይቶም ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቷ ይዘጋል። ይኼን ጊዜ ሰፈሩ ምን ይላል? አንዱ ዛር ነው፣ አንዱ ቡዳ በላት፣ ሌላው ትምህርት በዛባት ይላል። ነገሩ ግን የአንጎል መቆጣት ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አንጎልን ያጠቃል፤ የግቢ ዘበኛ በጨለማ የቤቱን ጌታ ሌባ መስሎት ሲቀጠቅጠው ማለት ነው።

የዚህን ሕመም አንደኛውን ዓይነት በ2007 እ.ኤ.አ. ዶክተር ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር ምክንያቱን ለይተው አወቁት። ይበልጥ ወጣት ሴቶችን ይይዛል። በአንዳንዶቹ መነሻው በእንቁላል ማፍሪያ ላይ የበቀለ ዕጢ ስለሆነ ዕጢው መውጣት አለበት።

በ2009 ሱዛና ካሃላን የምትባል የ24 ዓመት የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ በዚሁ ታመመች። ምርመራው ሁሉ መልስ ሲያጣ ዶክተር ሱሄል ናጃር የሰዓት ሥዕል ሣይ አላት። ከ1 እስከ 12 ያለውን ቁጥር በሙሉ በቀኝ በኩል ብቻ ደረደረችው። አንጎሏ መታመሙ በዚህ ተጠረጠረ። ምን ልበላችሁ፣ በእርሳስና በወረቀት! ታክማም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ መጽሐፍም ጻፈች።

የመዝገብ ሰው ነኝና ቁጥር እወዳለሁ። በ2013 የታተመ ጥናት 501 በሽተኞችን ተከታትሎ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 394ቱ ራሳቸውን ችለው ለመኖር በቁ፤ 30 ሰዎች ሞቱ። ቶሎ የታከመ የተሻለ ዳነ። ማገገሙ ግን አዝጋሚ ነው፤ እስከ 18 ወር ድረስ መሻሻል ታይቷል። የሚያገረሽበትም አለ።

በአገራችን ማጅራት ገትርና የአንጎል ወባም ይኼንኑ ሊመስሉ ይችላሉ። ለመለየት ሐኪሙ ከጀርባ ውሃ ይቀዳል። ታዲያ ቤተሰብ «ሽባ ያደርጋታል» ብሎ እምቢ ይላል። መርፌው የሚገባው እኮ የሕብለ ሰረሰሩ ገመድ ካለቀበት በታች ነው! ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ መርፌውም አይቅር።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ነው። የታመሙበትን ጊዜ ብዙዎቹ አያስታውሱትም። መርሳትና መቆጣት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሰፈራችን ደግሞ አንዴ እብድ ያለውን ሰው ስሙን መልሶ አይሰጠውም። ልጅቱ ድና ሳለ የሚያጫት ይጠፋል፣ የሚቀጥራት ይጠፋል።

የእድር ገንዘብ ለቀብር ነው ይባላል፤ ደንቡን አውቃለሁ፣ በእጄ ገልብጬዋለሁ። ጉልበታችን ግን ለቀብር ብቻ ነው የሚል አንቀጽ የለም። ለቅሶ ቤት በተራ እንደምናድር ሁሉ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲኖር ሆስፒታል በተራ ብናድርለት እናቲቱ አንድ ሌሊት ትተኛለች። አስታማሪ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ አባል ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ። የእኔ ስም ከዝርዝሩ ላይ ገብቷል፤ የማክሰኞ ሌሊት ይመቸኛል።