የየቲሙ ቆዳም አማና ነው

(ለማኅበራችን የቤተሰብ ቀን ዝግጅት በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ መድረክ ዘወትር የምንነጋገረው በአገር ቤት ስለሚገኙ የቲሞች የትምህርት ወጪ፣ ልብስና ወርኃዊ ድጋፍ ነው። ዛሬ ግን በዚህ በምንኖርበት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጫካዎች ዳር ስለሚበቅል፣ ፖይዝን አይቪ ስለሚባል አንድ ሐረግ እንናገራለን። «ይህ ከየቲም ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ያገናኘው የራሳችን ጥፋት ነውና አስቀድመን እርሱን እንናዘዛለን።

ባለፈው ዓመት በቤተሰብ ቀናችን ላይ፣ ወላጆቹን በሞት አጥቶ ከአክስቱ ጋር ለመኖር ከኢትዮጵያ ከመጣ ሦስት ወር ያልሞላው አንድ ልጅ ነበር። ኳሷ ወደ ጫካው በተንከባለለች ቁጥር ሮጦ የሚያመጣት እርሱ ነበር፤ አዲስ እንግዳ ነውና ለመወደድ ይተጋ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ በክንዱና በእግሩ ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ውሃም ቋጠረ። ለማንም አልተናገረም። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሶ ይውል ነበር። በቁርኣን ትምህርት ላይ ሲያክ ታየና «ተላላፊ ነው» ተባለ። እኛም ለብቻው ጥግ አስቀመጥነው፤ እስኪድንም እንዳይመጣ ለአክስቱ ነገርናት። በዚያች ሌሊት ልጁ «ታምሜያለሁና ወደ አገር ቤት ትመልሱኛላችሁ ወይ?» እያለ ሲያለቅስ ማደሩን የሰማነው በኋላ ነው።

ሐኪም ሲያየው ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑ ታወቀ። ይቅርታ ጠየቅነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቆዳውም ዳነ። ነገር ግን በዕውቀት ማነስ የቲምን ማሳዘን በደል አይደለም ማለት አይቻልም። ሱረቱ አድ-ዱሓ የቲምን ከመበደል አጥብቃ መከልከሏን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ያኔ ያላወቅነውን አሁን እንማማር።

እኛ ያደግነው ሳማን እያወቅን ነው። ሳማ የነካውን ወዲያውኑ ይለበልባል፤ ልጅም ሁለተኛ አይጠጋውም። ፖይዝን አይቪ ግን ሲነኩት ምንም አይሰማም። በቅጠሉ፣ በግንዱና በሥሩ ውስጥ ኡሩሺዮል የሚባል ዘይት አለ። ዘይቱ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ብዙ ሰዎች አለርጂ ይይዛቸዋል። አለርጂውን የሚያመጣው የራሱ የሰውነት መከላከያ ነው፤ ዘይቱን እንደ ጠላት ለይቶ ሲዋጋው ቆዳው ይቆጣል። ሰውነት ዘይቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝ ይህን ለመማር ጊዜ ስለሚወስድበት ሽፍታው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ሕመሙን ከጫካው ጋር ማያያዝ የሚያቅተው ለዚህ ነው። «አምና ነክቼው ምንም አልሆንኩም» የሚልም ዘንድሮ ሊታመም ይችላል።

ተክሉን የምንለይበት ምልክት ቅጠሎቹ ሦስት ሦስት ሆነው መውጣታቸው ነው፤ የመካከለኛው ቅጠል አገዳ ከሁለቱ ይረዝማል። በጸደይ ቀላ ያለ፣ በበጋ አረንጓዴ፣ በመኸር ደማቅ ቀይ ይሆናል። ዛፍ ላይ ሲወጣ ግንዱ ጠጉራም ገመድ ይመስላል። ቅጠሉ በረገፈበት በክረምት እንኳ ግንዱ ያንኑ ዘይት ይዟል። ስለዚህ ለምግብ ማብሰያ እንጨት ስንለቅም ጠጉራም ሐረግ የተጠመጠመበትን አንንካ፤ ፈጽሞም አናቃጥል። ጭሱ ወደ ሳንባ ከገባ ብርቱ አደጋ ያስከትላል።

በተለይ ለእኛ ለሙስሊሞች ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከጫካ ዳር የተመለሰ ልጅ በውሃ ብቻ ውዱእ ቢያደርግ፣ በእጁ ላይ ያለውን ዘይት ወደ ፊቱና ወደ ክንዱ ሊያዳርሰው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጁን እስከ ጥፍሮቹ ሥር ይታጠብ፤ ከዚያ ውዱእ ያድርግ። ለመጸዳዳት ሲሄድም እንዲሁ። መስገጃም በሐረጉ ላይ መነጠፍ የለበትም፤ ዘይቱ በጨርቅ፣ በጫማና በኳስ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላልና። የነካ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢታጠብ እጅግ ይጠቅመዋል፤ ቢዘገይም ግን መታጠብ አይቅር። የለበሰውም ልብስ ለብቻው ይታጠብ።

ሽፍታው ከወጣ በኋላስ? ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል። ማሳከኩን በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ የካላማይን ቅባት ወይም ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ የሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ያስታግሰዋል። የልጁ ጥፍር ይቆረጥ፤ ውሃ የቋጠረውም አይፍረጥ። በረኪና፣ ቅቤም ሆነ ሌላ የቤት መድኃኒት አንቀባ። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ሽፍታውን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም፤ በልጁም ገላ ላይ አያዛምተውም። ዛሬ በክንዱ፣ ነገ በእግሩ ብቅ ማለቱ የተዛመተ ያስመስለዋል እንጂ፣ ምክንያቱ ዘይቱ በየቦታው ያረፈበት መጠንና የቆዳው ውፍረት መለያየቱ ነው።

ሽፍታው ፊትን፣ ዐይንን ወይም ኀፍረተ ገላን ከያዘ፣ አብዛኛውን ሰውነት ካዳረሰ፣ መግል ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ካመጣ ልጁ ወደ ሐኪም ይወሰድ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ለአፍታ ሳይዘገዩ ወደ 911 መደወል ያስፈልጋል። ንብ ነድፎት ወይም የማይስማማው ምግብ በልቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ትንፋሹም የሚያጥረው ልጅ ሌላ ዓይነት፣ እጅግ ፈጣን አለርጂ ይዞታልና ለእርሱም እንዲሁ ነው። ለቀላሉ ጉዳይ ምክር የሚሻ በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከልን በነጻ፣ በአስተርጓሚም ጭምር መጠየቅ ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር። የምንወደው ማንጎ ከዚህ ሐረግ ጋር የአንድ ዘር ቤተሰብ ነው፤ በልጣጩና በደሙም ተመሳሳይ ነገር አለ። ፖይዝን አይቪ ያስቸገረው ልጅ ማንጎን በጥርሱ እየላጠ ቢበላ በአፉ ዙሪያ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። ትልቅ ሰው አጥቦና ልጦ ይስጠው።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እናት ያለው ልጅ ሲያሳክከው ይጮኻል፤ የቲም ግን ብዙ ጊዜ ይደብቃል። ሸክም እንዳይሆን ይሰጋል፤ ያስጠጋውን ቤት እንዳያጣም ይፈራል። እርሱ ሳይናገር ማየት የእኛ ድርሻ ነው። በዚህ ዓመት የቤተሰብ ቀን የመጫወቻ ሜዳው ከጫካው ዳር ይርቃል፤ ሳሙና፣ ውሃና ቅባት ይዘው ልጆቹን የሚጠብቁ ወንድሞችና እኅቶችም ይመደባሉ፣ ኢንሻአላህ። ከእናንተም የምንለምነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በዚያች ማታ የራሳችሁን ልጅ ክንድና እግር ስታዩ፣ ከጎኑ ሲጫወት የዋለውን የቲምም እጅጌ ሰብስባችሁ እዩ። ሽፍታ ብታገኙም ከማራቃችሁ በፊት ጠይቁ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የቲም ሆነው አድገዋል። አላህ ለየቲሞች የሚራሩ ልቦችን ይስጠን፤ ያለፈውንም ይቅር ይበለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።