ያስለቀሰን ፊልም እና ያልጠየቅነው ጥያቄ



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች መድረክ ላይ ስንወጣ የቁጠባና የብድር ዝርዝር እንደምናነብ ይጠበቃል። ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ ፊልም ነው። የወሩን ቁጠባ ሰብስበን፣ ደረሰኝ ቆርጠን ስንጨርስ፣ ቡና እየጠጣን አንድ ፊልም እንደምናይ ታውቃላችሁ።

ብዙዎቹ ቅር አሰኝተውናል። ድሃዋ ልጅ ታለቅሳለች፤ መኪና ያለው ወንድ ይመጣል፤ ሠርግ ይደገሳል፤ አለቀ። የቤት ኪራይ ከየት ትከፍል ነበር? ዕቁብ የላትም ወይ? ጎረቤትስ? የሚጠይቅ የለም። እኛ ከችግር የወጣነው ሳንቲም በሳንቲም ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ፊልም ሲያልቅ ስኒ አጥበን እንለያያለን።

«ድፍረት»ን ያየን ዕለት ግን ቶሎ አልተለያየንም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል።

ከሁሉ በላይ ያስለቀሰን የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶቹ ተሰብስበው ስለ ልጅቷ ይመክራሉ፤ እሷ ግን በቦታው የለችም። ከመካከላችን በልጅነታቸው ተጠልፈው የተዳሩ እናቶች አሉ። የዚያን ዕለት አንዳቸውም አልተናገሩም፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ብቻ አስጠጉ።

ቅር ያሰኘን ነገር የመጣው በኋላ ነው። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ በሚመረቅበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ እንደነበር ሰማን። አቤቱታ ካቀረቡት አንዷ አበራሽ ራሷ ነበረች፤ ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱት ብላ። ማን ምን ያህል ጥፋት እንዳለበት መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ግን ያ ሸንጎ ትዝ አለን። ስለ እሷ ሲወራ እሷ የለችም!

ልንፈርድ የማንችልበት ሌላም ምክንያት አለ። እኛም አድርገነዋል። አንድ ዓመት ለደጋፊዎቻችን በላክነው ሪፖርት የአንዲት አባላችንን ታሪክ ከነፎቶግራፋቸው አወጣን፤ ስለ ባላቸው ዱላ፣ ስለ ተራቡባቸው ቀናት። ወረቀቱ እጃቸው ሲገባ ወደ ቢሯችን መጡ። «ውሸት አልጻፋችሁም። ግን ልጄ ማንበብ ትችላለች፤ ይህን አልነገርኳትም ነበር» አሉን። የእያንዳንዷን ብር መውጫና መግቢያ እያስፈረምን የምንመዘግብ ሰዎች፣ የሰው ሕይወት ስናወጣ ፊርማ አልጠየቅንም። ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እንጠይቃለን።

ከዚያ ወዲህ የማንም አባል ታሪክ ሳይነበብላት፣ ካስፈለገም ሳይታረም፣ ሳትፈቅድም አይወጣም። ፈቅዳ ብትተወውም መብቷ ነው። ደጋፊዎቻችንም ስም የሌለበት፣ ፎቶግራፍ የጎደለበት ሪፖርት ሲደርሳችሁ ሥራው ጎደለ አትበሉ። አንዲት ሴት «ይህ የእኔ ነው» ብላለች ማለት ነው።

«ድፍረት» ሁለት ፍቺ አለው፤ ጀግንነትም ነው፣ መድፈርም ነው። ሳንጠይቅ የሰውን ታሪክ ስናወራ ወደ ሁለተኛው እንጠጋለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ፊልም አይተን ስናለቅስ፣ እንባችንን ጠርገን እንጠይቅ፤ ባለታሪኳ የት ናት? ተጠይቃለች ወይ?