ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ባለፈው እሑድ በቦሌ አራብሳ ከምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ወርጄ በግቢው ስዘዋወር፥ አንድ ጎረቤቴ ከአባታቸው በወረሱት ቮልስዋገን አጠገብ በሐሳብ ተውጠው ቆመው አገኘኋቸው። እኒህ ሰው እንደ አብዛኞቻችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ፥ ማልደው ወደ መሀል ከተማ ሄደው ሲመሽ የሚመለሱ፥ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። አውቶሞቢሉ በ1954 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፥ ሞተሩ ደክሞ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። «እቁብ ወጥቶልኛል» አሉኝ፤ «ይህን ሽማግሌ ሞተር አውጥቼ ብርቱውን ልከትበት ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት ያለውን ልግዛ ይሉኛል?» እኔም «ለመሆኑ የፍሬኑ ነገር እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሣቁና «ወንድሜ፥ ስለ ሞተር ብጠይቅዎ ስለ ፍሬን ይመልሱልኛል?» አሉኝ። ያን ዕለት የተነጋገርነው ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ ዛሬ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። በወጣትነቴ አንድ ያረጀ አውቶሞቢል ነበረኝ። ሞተሩ ሲደክምብኝ ከእርሱ በእጥፍ የሚበረታ ሞተር አስገጠምሁበት፤ ፍሬኑን ግን እንደ ነበረ ተውሁት። ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ሲወጣልኝ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን የእኅቴን ልጅ ይዤ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ ግን፥ ከመጠን በላይ ስለ ፈጠንሁ ፍሬኑ ጋለና ፔዳሉን ብረግጠው ብረግጠው የሚይዝ ነገር ጠፋ። ማርሽ ቀንሼ፥ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፥ በመጨረሻ ከመንገድ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ጋር ተላትሜ ቆምሁ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ምንም አልሆነም። ይሁን እንጂ «አጎቴ፥ ለምን አላቆምህም?» ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መልሱ የሚያስኬደውን ገዝቼ የሚያቆመውን ስላልገዛሁ ነበር።

በውጭ አገር የቀድሞ ዘመን አውቶሞቢሎችን መልክ አስመስለው፥ አካሉን በየክፍሉ ለይተው የሚሸጡ ድርጅቶች እንዳሉ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ገዢው በቤቱ እየገጣጠመ ይሠራዋል፤ ሞተሩንም ከፋብሪካ በሣጥን ታሽጎ የሚመጣ አዲስ ሞተር መርጦ ይገዛለታል። ከእነዚህ ሁሉ አብዝቶ የሚኰረጀው ኮብራ የተባለው ነው። የኮብራ ታሪክ ራሱ የሞተር ምርጫ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የለ ማን እሽቅድድምን ካሸነፉት ሁለት ነጂዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ፥ እ.ኤ.አ. በ1962 ቀላል በሆነ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ላይ ባለ ስምንት ሲሊንደር የፎርድ ሞተር ገጠመበት። ሞተሩ 4.2 ሊትር ነበር፤ የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ከብርታቱ ጋር ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ 7 ሊትር ሞተር ለማሳደግ በተፈለገ ጊዜ ግን አሮጌው ሻንሲ አይችለውም ተብሎ፥ 3 ኢንች የነበሩት ዋና ዋና ቱቦዎች ወደ 4 ኢንች ወፍረው፥ ሞላዎቹም በሌላ ዓይነት ተለውጠው እንደ ገና ተሠራ። ለእሽቅድድም የሚኖሩ ሰዎች እንኳ ሞተሩን ሲያሳድጉ የሚሸከመውን አካል አብረው አሳድገዋል ማለት ነው። እኛስ ልጆቻችንን ወደ ትምህርት ቤት የምናደርስ ሰዎች ከእነርሱ ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃናልን?

ወደ ጎረቤቴ ቮልስዋገን እንመለስ። የዚያ ዘመን ቮልስዋገን ሞተር 1200 ሲሲ ሲሆን ኃይሉ 34 የፈረስ ጉልበት ነው። አራቱም ጎማዎች የሚቆሙት በከበሮ ፍሬን ነው፤ የፍሬኑም ዘይት የሚጓዘው በአንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፥ ያ መስመር በአንድ ቦታ ቢበጠስ አራቱም ፍሬኖች በአንድ ጊዜ ይከዳሉ። ከዚያ በኋላ የተሠሩት የቮልስዋገን ሞተሮች 1300 ሲሲው 40፥ 1600 ሲሲው 50 የፈረስ ጉልበት ደርሰዋል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች በመሆኑ፥ መካኒኩ «ወዲያው ይገባል» ቢላችሁ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የአሮጌው አውቶሞቢል መብራት 6 ቮልት፥ የኋለኞቹ 12 ቮልት ናቸው፤ የባለ 6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ ሲኖረው የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው። ትልቁ ቮላኖ በአሮጌው የካምቢዮ ቤት ውስጥ ብረቱ ካልተሞረደለት አይዞርም፤ ሞተሪኖውም መለወጥ ይኖርበታል። ይህን ሳያስብ ሞተር የገዛ ሰው፥ ገንዘቡን ለሞተር ጨርሶ ለቀሪው ብድር ይዞራል። መጥኖ መደቆስ ድስት ከመጣዱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ነገር የምንኖርበት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር ያንሳል፤ በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር እኛ ዘንድ 80 ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ቢሰጥ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ አትደሰቱ። ደግሞም ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ከአየሩ መጠን በላይ ቤንዚን ስለሚሰጥ፥ ጭስ ይበዛል፥ ካንዴላው ይጠቁራል፥ ነዳጅም ይባክናል። ብዙ ሰው «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ሊጥለው የሚነሣው፥ የቤንዚን ማሳለፊያው ቀዳዳ ጠቦ ቢስተካከልለት ሊነቃ የሚችለውን ሞተር ነው።

ሦስተኛው፥ ዕቃው ሲጠፋ የሚገኝበትና ሲበላሽ የሚጠገንበት ጉዳይ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ከተፈቱ አውቶሞቢሎች የወጡ ሞተሮች ተደርድረው ያያል። ከመግዛታችሁ በፊት የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት በመለኪያ ያስለካ፤ የአራቱ ልክ ተቀራራቢ ካልሆነ ድምፁ ቢያምርም አትመኑት። የቮልስዋገን ሞተር ከሆነ፥ ከኋላ ያለውን ፑሊ በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ግፉ፤ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ውስጡ ተበልቷልና ተዉት። በሣጥን የሚመጣው ሞተር አዲስነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢጎድልበት የሚተካው በአገር ውስጥ ካልተገኘ፥ ከታወቀው አሮጌ ይልቅ ለወራት ቆሞ ያስተክዛችኋል።

አራተኛው ሰነድ ነው። እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ «ማስረጃ አምጣ» የምትሉ ሰዎች ናችሁና ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ሳትይዙ ገንዘብ አትቁጠሩ፤ ለውጡንም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስታውቃችሁ ሊብሬውን አስተካክሉ። አለዚያ በርካሽ የገዛችሁት ሞተር የሌላ ሰው እንባ ያለበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ምናልባት «በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ የለምን? ለምን በኤሌክትሪክ አንለውጠውም?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታችን አያደክመውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቮልስዋገን ፋብሪካ ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ፥ አሮጌውን ቮልስዋገን 82 የፈረስ ጉልበት ባለው የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሄድ አድርጎ አሳይቷል። ባትሪው አንድ ጊዜ ሲሞላ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል ተብሏል። ነገር ግን የአውቶሞቢሉ ክብደት 1280 ኪሎ ደረሰ፤ ጥንት ከ800 ኪሎ በታች ነበር። ስለዚህም ሠሪዎቹ ሻንሲውን አስተካክለው ፍሬኑን አጠነከሩት። እንግዲህ በቤንዚንም ይሁን በኤሌክትሪክ፥ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከዚያው ከፍሬኑ ላይ ይደርሳል።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በዝምታ ካዳመጡኝ በኋላ፥ «አባቴ በዚህ አውቶሞቢል ሃያ ዓመት ሲነዱ አንድም ቀን ሲቸኩሉ አላየኋቸውም» አሉኝ። ከዚያም የእቁቡን ገንዘብ በወረቀት ላይ እንደ ገና ደለደሉት። በመጀመሪያው መስመር የፍሬን ቧንቧዎች፥ የፍሬን ሸራና ጎማ፤ በሁለተኛው የመሪው ጥገና፤ በሦስተኛው የዚያው የአሮጌው 1200 ሞተር እድሳት ተጻፈ። ከሁሉ በታች ጥቂት ብር ተረፈችና «ይህስ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «የኋላ ወንበር ቀበቶ፤ ለሦስቱ ልጆች» አሉኝ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ብርቱ ሞተር መመኘት ነውር አይደለም። ነገር ግን ለሞተር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ይህን ኃይል የሚሸከመው ምንድን ነው? የሚያቆመውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእነዚህ ለሁለቱ መልስ ያገኘ ሰው፥ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚያስፈልገው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።