«እሱ ያውቃል» ስንል ምን እያልን ነው?

(በስግድ ዋዜማ ናታንያ ውስጥ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «እግዚአብሔር በሕይወታችን ውስጥ» የሚል ነው። እኔ ቄስም ረቢም አይደለሁም፤ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ነኝ። አማርኛዬም እንደምትሰሙት ግማሹ የቤት፣ ግማሹ የመጽሐፍ ነው። ስለዚህ ርዕሱን አጥብቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ልያዝ። ጥያቄው እኛ ወጣቶቹ እርስ በርሳችን በዕብራይስጥ የምንጠያየቀው፣ በአማርኛ ግን ለወላጆቻችን ደፍረን ያልጠየቅነው ነው። እግዚአብሔር እኛን ከሱዳን ካወጣን፣ እዚያ የቀሩትንስ ለምን አላወጣም?

አንዳንድ እናቶች ከወዲሁ «ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም» እያላችሁ እንደሆነ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ቤታችን ውስጥ የእግዚአብሔር ስም የማይገባበት ነገር የለም። እንዴት አደርሽ? እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ አገኘሽ? እሱ ሲፈቅድ። ውጭ ስንወጣም ያው ነው፤ አውቶቡስ ላይ ስልክ የሚያወራው ሁሉ ባሩክ ሃሼም፣ በዔዝራት ሃሼም ይላል። ግን «እሱ ያውቃል» የምትለዋ የኛ ቃል ሁለት መልክ አላት። አንደኛው እምነት ነው፤ ሰው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ የቀረውን ለፈጣሪ ሲተው የሚለው። ሁለተኛው በር መዝጊያ ነው። ልጅ ሲጠይቅ፣ ወላጅ መልሱ ሲያመው፣ «እሱ ያውቃል» ይላል፤ ቡናው ይቀዳል፣ ወሬው ይቀየራል። እኔ ስለ ሁለተኛው ነው የማወራው።

መጀመሪያ ስለ ከተማችን ስም አንድ ነገር ልበል። «ናታንያ» የሚለውን ቃል ብንፈታው «እግዚአብሔር ሰጠ» እንደማለት ነው። ታሪኩን ብናነብ ደግሞ ከተማዋ በ1929 ስትቆረቆር ስሟን ያገኘችው ናታን ሽትራውስ ከሚባል አሜሪካዊ ነጋዴና በጎ አድራጊ ነው። ታዲያ ስሟ የእግዚአብሔር ነው ወይስ የሰው? ሁለቱም ነው። የኛም የመውጣት ታሪክ እንደዚሁ ይመስለኛል።

ሁላችሁም ስለ አባ ማሃሪ ሰምታችኋል፤ ወጣቶቹ ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም፣ ትምህርት ቤትም አላስተማሩንም። በ1862 የሚሲዮናውያን ጫና በበረታበት ጊዜ እኚህ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ከጎንደር አካባቢ ተነሱ፤ ወደ ኢየሩሳሌም። ካርታ የላቸው፣ ገንዘብ የላቸው፣ መርከብ የላቸው። እንደ ሙሴ ዘመን ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ነው የወጡት። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው። ባሕሩን ሳያዩ ብዙዎች እዚያው አለቁ፤ የተረፉት ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ትግራይ ቀሩ።

እኛ ባሕሩን በየቀኑ እናየዋለን። ከገደሉ በላይ ያለው መናፈሻ ላይ ተቀምጠን ጋሪኒም እየበላን እናየዋለን። አንዳንድ ሰው ሲናገር «የአባ ማሃሪ ጸሎት ከ122 ዓመት በኋላ ተመለሰ» ይላል፤ 1984ን ማለቱ ነው። ቆንጆ አባባል ነው፤ እኔ ግን አይዋጥልኝም። ለኔ ተመልሶ ይሆናል። አክሱም መንገድ ላይ ልጇን ይዛ ለሞተችው ሴት ግን አልተመለሰም። ስለ እግዚአብሔር የምንናገረው ነገር እሷ ፊት ቆመን ልንለው የማንችለው ከሆነ፣ ባንለው ይሻላል።

ከዚያ የሱዳን ዘመን መጣ። ሰው በሌሊት በእግሩ ተጉዞ፣ በሽፍታና በጥም መካከል አልፎ፣ ኡም ራኩባና ሌሎች የገዳሪፍ አካባቢ መጠለያዎች ገባ። ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው እዚህ ደረሰ። ወሬው አደባባይ ሲወጣ በረራው ቆመ፤ እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ሆኖ ቀረ። በመንገድና በመጠለያው ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ።

በዚያ ሁሉ ውስጥ እግዚአብሔር የት ነበር? አንዳንዱ «ሞሳድ ነው ያወጣን» ይላል፣ አንዳንዱ «ፈጣሪ ብቻ ነው» ይላል። በ1991 የሰለሞን ዘመቻም ላይ ክርክሩ ያው ነው። ግንቦት 24 እና 25፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው። ወንበሩ የተነቀለ አውሮፕላን፣ በአንዱ ብቻ ከሺህ ሰው በላይ፣ አየር ላይ የተወለዱ ሕፃናት፣ ያውም በሰንበት! ተአምር ካልተባለ ምን ይባላል? ግን ደግሞ ለደርግ ባለሥልጣናት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ከሦስት ቀን በፊት አገር ጥሎ ሸሽቷል። ተአምሩ ደረሰኝ አለው ማለት ነው።

እኔ «እግዚአብሔር ወይስ ሰው?» ብሎ ማስመረጥ ራሱ ስህተት ይመስለኛል። ኦሪት ዘጸአት ባሕር ከመክፈሉ በፊት በማን ነው የሚጀምረው? በሁለት አዋላጆች ነው። ፈርዖን ወንዶቹን ግደሉ ሲላቸው እግዚአብሔርን ፈርተው እምቢ አሉ። ያን ጊዜ እሳትም ደመናም አልወረደም፤ ሁለት ሴቶች ብቻ እምቢ አሉ። በሱዳንም እንደዚያ ነው የማየው። ፈረደ አክሉም የሚባል መምህር ከትግራይ ወጥቶ ካርቱም ደርሶ «ኑና ውሰዱን» የሚል መልእክት ባይልክ፣ ኮሚቴ የምንላቸው የኛው ልጆች በየመጠለያው መድኃኒትና ገንዘብ በድብቅ ባያከፋፍሉ፣ በሌሊት ሰውን እየመሩ መኪና ባያደርሱ፣ ዘመቻ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ብዙዎቹ ያን ጊዜ በኛ ዕድሜ ነበሩ። እንዲያውም ከኛ ያነሱ ነበሩ።

ያም ሆኖ ስለ ሞቱት የተጠየቀው አልተመለሰም። እኔም አልመልሰውም። አንድ መልስ ግን አልቀበልም፤ «ኃጢአት ስለነበረባቸው ነው» የሚለውን። ይህን በስግድ የንስሐ ጸሎት እያሳበቡ የሚሉ ሰዎች አሉ። በስግድ ሕዝቡ ሁሉ ስለ ራሱ ይናዘዛል እንጂ በሞተ ሕፃን ላይ አይፈርድም። መጽሐፈ ኢዮብን እዩ። ሦስቱ ወዳጆቹ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመው «አጥፍተህ ነው» ሲሉት ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በነሱ ላይ ነው። አብርሃምም ስለ ሰዶም ተከራክሯል። ሙሴም ከጥጃው በኋላ ሕዝቡን ካላዳንክ እኔንም ደምስሰኝ ብሏል። ይህ የሚነግረኝ ስለ እግዚአብሔር ጠባይ ነው፤ ሲጠየቅ የሚቆጣ ጌታ አይደለም። ታዲያ እሱ ያልተቆጣውን እኛ ለምን እንቆጣለን?

ወላጆች፣ እናንተም ዝም ብላችሁ አልተቀበላችሁም እኮ። ተከራክራችኋል፤ ግን በስም ነው የተከራከራችሁት። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ። እነዚህ ስሞች ለማን እንደሚወጡ ታውቃላችሁ፤ ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለደው። ካሳ ማለት እኮ ለእግዚአብሔር የቀረበ ክስ ነው፤ «ወስደህብኛል፣ ክፈለኝ» ማለት ነው። ደግሞም ምስጋና ነው፤ «ከፈልከኝ» ማለት። ሔዋንም ከአቤል በኋላ ሴትን ስትወልድ ምትኩ እያለችው ነው። ዮሴፍም በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ በአማርኛ ማስረሻ። ግን ዮሴፍ ረሳ? ወንድሞቹን ሲያይ ዞር ብሎ አለቀሰ።

አያቴ ኡም ራኩባ ላይ አንድ ልጅ ቀብራለች። ይህን ያወቅኩት አምና ነው፤ ያውም ስለ አጎቴ ስም ስጠይቃት። አጎቴ ከነዚህ ስሞች አንዱን ይዟል፤ መታወቂያው ላይ ግን እዚህ ሲገባ የተሰጠው የዕብራይስጥ ስም ነው ያለው፤ የአማርኛው ስም የያዘው ታሪክ እዚያ የለም። «የማን ምትክ ነው?» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ የልጅቷን ስም ነገረችኝ። አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ «እሱ ያውቃል» አለች። የዚያን ቀን ግን ቃሉ በር መዝጊያ አልሆነብኝም፤ ሌላ ማንም ስለማያውቃት፣ እሱ ያውቃታል ማለቷ ነበር። አሁን እኔም አውቃታለሁ።

ነገ አርሞን ሃናጺቭ ስንወጣ ቄሶቻችን በግዕዝ አንብበው ይተረጉሙልናል። ወጣቶች፣ እባካችሁ እንደ አምና ጸሎቱ ሳያልቅ ወደ ምግቡ አትሩጡ። ከወላጆቻችሁ አጠገብ ቁሙ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ። ወላጆች ደግሞ፣ በመንገድ የቀሩባችሁን ሰዎች ስም፣ ዕድሜና የቀሩበትን ቦታ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ማኅበራችን ስማቸውን በአማርኛና በዕብራይስጥ እየመዘገበ ነው። መጻፍ ለሚቸግራችሁ እኛ እንጽፋለን። ደብተሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለ።